የከሰዓቱ ልጅ

መጀመሪያ የተሰማው ትንፋሽ ነው። አጭር፣ ወደ ውስጥ የተሳበ፤ ሰው «አዎ» ለማለት አፉን መክፈት ሲታክተው የሚያሰማት ዓይነት።

አንዋር ጓንቱን እያጠለቀ ነበር። ስክሪኑ ገና አልበራም። መስመሩ ይከፈት አይከፈት ሳያይ፣ እንደ ልማዱ፣ «እማማ ሊኔያ፣ መጣሁ። አሉልኝ?» ብሏል። ትንፋሿ ከዚያ በኋላ መጣች። ከጎኑ ካሉት ተማሪዎች አንዱ መስሎት ዞር አለ። ኮምቦልቻ ውስጥ በትንፋሽ «አዎ» የማይል የለም፤ ባለሱቁም ባለባጃጁም እንደዚያው ነው። ድምፁ ግን የመጣው በቀኝ ጆሮው ነበር። በቀኝ ጆሮ የሚመጣ ነገር ሁሉ ደግሞ ከስዊድን ነው።

ስክሪኑ በራ። እማማ ሊኔያ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ከጣሪያው ሐዲድ ላይ የተንጠለጠለው ማሽን እጁን ትከሻቸው ላይ እንዳሳረፈ ቆሟል፤ የጠዋቷ ተረኛ እንደዚያ አድርጋ ትታው ሄዳለች። ነጭ ጸጉራቸው ሹሩባ ተሠርቷል። ትናንት ሹሩባ አልነበረም።

አንዋር ሹሩባውን አየ። ከዚያ ትንፋሿን መልሶ አሰባት። መስመሩ ሳይከፈት የተሰማች ነገር ለእሱ የተሰጠች መልስ ልትሆን አትችልም። ለትርሲት ነች፣ ለጠዋቷ ተረኛ። ትርሲት እንደ ሹሩባው ሁሉ ይህንንም አስለምዳቸዋለች። የአገሩን «አዎ»፣ የእናቱን «አዎ»፣ ለባዕድ አሮጊት አስተምራ በጠዋት በጠዋት ስትቀበለው ከርማለች።

ጓንቱን ስቦ አጠበቀ።

«ሾርባው ይሙቅልዎ?» አላቸው።

እማማ ሊኔያ ወደ ማሽኑ ቀና ብለው ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ። ፈገግም አሉ። እሱ ግን ፈገግታውን እንደ ሽሙጥ ነው የቆጠረው።

እነ አንዋር ጓንት አጥልቀው ስዊድን ያለውን ማሽን የሚያንቀሳቅሱበት «የእጅ ቤት» ድሮ የእህል መጋዘን ነበር ይባላል። አሁን በመደዳ የተደረደሩ ጠባብ ክፍሎች ናቸው ያሉበት፤ በየክፍሉ አንድ ወንበር፣ አንድ ስክሪን፣ አንድ ጥንድ ጓንት። ተማሪዎቹ ነርስ ለመሆን በዲስታንስ ነው የሚማሩት። ኮሌጃቸው ባሕር ማዶ ነው፤ በዓይኑ ያየው ግን ከመካከላቸው የለም። ሌክቸሩ በግራ ጆሮ ይገባል፣ ሥራው በቀኝ። የሰው እግር እያጠቡ ስለ ኩላሊት ይሰማሉ። ፈተና ሲመጣም ሥራ አይቆምም፤ እጅ አንሶላ ይዘረጋል፣ አፍ መልስ ይመርጣል። በር ላይ ቆሞ ለሚያዳምጥ እብዶች የተሰበሰቡበት ገበያ ነው የሚመስለው፤ «ሐ… እግርዎን ያንሱልኝ… ሀ… ዋጥ ያድርጓት፣ የኔ እናት… ለ።»

አንድ አልጋ የሚሰጠው ለሁለት ተማሪ ነው፤ ለጠዋትና ለከሰዓት። በመጨረሻው ዓመት ከሁለቱ አንዱ በሥጋው ባሕር ማዶ ይሄዳል። ሐኪም ቤት ገብቶ፣ የሰው ገላ በገዛ እጁ ነክቶ፣ ነርስ ተብሎ ይወጣል። ይሄ «ወንበር» ይባላል። የቀረው በጓንት ይቀራል። በጓንት የቀረ ሥራ አያጣም፤ የአዳራሹ ተቆጣጣሪ ጋሽ ይመር ራሳቸው በወጣትነታቸው ወንበሩ አምልጧቸው በጓንት የቀሩ ናቸው። ዛሬም ሻይ ሲያማስሉ እጃቸው የሚዞረው እንደ ማሽን እጅ ዝግ ብሎ፣ ምንም እንዳይሰብር ተጠንቅቆ ነው።

ወንበሩን ማን እንደሚያገኝ የሚመርጡት ባለአልጋው ናቸው። ባለአልጋው ካልመረጡ ወንበሩ ይታጠፋል፤ ለጠዋትም ለከሰዓትም አይሆንም።

አንዋር ለዚህ ወንበር ያለውን ጉጉት ለማንም አውርቶ አያውቅም። ያሳደጉት አክስቱ እትዬ ዘምዘም ናቸው። እግራቸው ያብጣል። የሰፈሩ ጤና ጣቢያም ከጣሪያ የተንጠለጠለ ማሽን ነው ያለው፤ የሚያንቀሳቅሰው ኔፓል የተቀመጠ ተማሪ ነው። እትዬ ዘምዘም «ይሄ ልጅ እጁ ጨዋ ነው፣ አላህ ያሳድገው» እያሉ ማሽኑን ይመርቁታል። የኮምቦልቻ ልጅ የስዊድንን አሮጊት ያጥባል፤ የኮምቦልቻን አሮጊት የኔፓል ልጅ ያጥባል፤ የኔፓሏን ማን እንደሚያጥባት አንዋር አያውቅም። አመሻሽ ላይ ብቻውን ወደ ቦርከና ወንዝ ዳር ይወርድና ውሃው ውስጥ እጁን ነክሮ ያልማል። ነርስ ሆኖ ተመልሷል፣ ጋዋን ለብሷል፣ የአክስቱን እግር በባዶ እጁ ይዟል። እሳቸውም የማሽኑን ሳይሆን የእሱን እጅ ይመርቃሉ።

ሕልሙ እዚህ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ትርሲት ትገባበታለች። ጋዋኑን የለበሰችው እሷ ሆና።

ጓንቱ ለሁለቱም አንድ ነው። ትርሲት አውልቃ ስትሄድ ሙቀቷ ውስጡ ይቀራል። ሌላ ወንድ ቢሆን ምናልባት ደስ ይለው ነበር። አንዋርን ግን ያቃጥለዋል፤ በየቀኑ የሰው ቦታ ውስጥ እጁን የሚያስገባ ይመስለዋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የድምፅ ማጣሪያው አለ። ትርሲት በፈተና አንደኛ ስለወጣች የተሸለመችው ነው። የአንዋር ድምፅ ተተርጉሞ ሲሄድ፣ ቃሉ ብቻ ይተረጎምና ቃል ያልሆነው ነገር እንዳለ ይከተለዋል፤ ሳሉ፣ የወንበሩ ሲጢጥታ፣ ጉሮሮ መጥረጉ። የትርሲት ድምፅ ግን ታጥቦ እንደተተኮሰ ሸሚዝ ነው።

በማግስቱ በፈረቃ ቅያሬ ላይ ክፍሉ በር ላይ ተገናኙ። ትርሲት ጣቶቿን እያፍታታች ወጣች።

«ሹሩባውን አየኸው?»

«አየሁት። ጸጉር ቤት ልትከፍቺ ነው እንዴ?»

«ምን ታደርገዋለህ፤ እጅ ያለው ይሠራል።»

«ሌላስ ምን አስተማርሻቸው?»

«ሌላ ምን?»

«እኔ ምን አውቄ። አንቺ ነሽ አስተማሪዋ።»

ጋሽ ይመር የሻይ ብርጭቋቸውን ይዘው ከወዲያ ሳቁ። «ጣውንቶቹ ጀመሩ ደግሞ! ኧረ ተዉ፤ የኔ አባት ሁለት ሚስት ነበራቸው፣ እንደ እናንተ ግን በጎሪጥ አይተያዩም ነበር።»

«እሱ ነው እንጂ ጋሽ ይመር፣ እኔ ምን አልኩት?» አለች ትርሲት።

«ምንም አላልሽም። ምንም ሳትይ ነው ሁሉን የወሰድሽው» አለና አንዋር ገብቶ በሩን ዘጋ። ጓንቱ ሞቋል።

ያን ቀን እማማ ሊኔያን አልተዋቸውም። መጋረጃውን ልክፈተው? ትንፋሽ። ትራሱ ይመችዎታል? ትንፋሽ። ሙዚቃ ላድርግልዎ? ትንፋሽ፣ ከፈገግታ ጋር። ድሮ ለቃል እንኳ የሚሳሱ ሴት ነበሩ፤ አሁን በጠየቃቸው ቁጥር እንደ ሕፃን እየተፍለቀለቁ ይስባሉ። እያንዳንዷ ትንፋሽ እሱ ላይ የትርሲት ማኅተም ሆና ታርፋለች።

በግራ ጆሮው መምህሩ ስለ ደረት ሕመም እያስተማረ ነበር። «በሽተኛው ጥያቄ ሲመልስ ድንገት አየር ወደ ውስጥ የሚስብ ከሆነ ቸል አትበሉ» አለ።

አንዋር የማሽኑን እጅ አቆመ። ትንፋሽ እንዳላጠራቸው ያውቃል። እንደ ስሙ ያውቃል። አክስቱ እንዲህ ተንፍሰው ነው ያሳደጉት። ቢሆንም «ሪፖርት» አለ።

«ምልክት?» አለው ሪፖርት ተቀባዩ ማሽን።

«በሽተኛዋ ሲጠየቁ ድንገት አየር ይስባሉ። ትንፋሽ እያጠራቸው ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጠዋቱ ፈረቃ ጀምሮ።»

«የጠዋቱ ተረኛ አመልክቷል?»

«አላመለከተችም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መልሶ ለመዋጥ ገና አፉን ሲከፍት ማሽኑ «ተመዝግቧል፤ ስለ ንቃትዎ እናመሰግናለን» አለው። እዚያ ቤት «እስቲ ልስማዎት» ብሎ ጆሮውን ደረታቸው ላይ የሚያሳርፍ ሥጋ የለበሰ ሠራተኛ የለም። የተመዘገበው ሁሉ እንደ እውነት ይያዛል።

በሚቀጥለው ቀን ከአልጋው በላይ የኦክስጅን ማስክ ተሰቅሎ አገኘው። «እንዴት ዋሉልኝ?» አላቸው። እማማ ሊኔያ ትንፋሻቸውን ሳቡ። ማስኩ በራሱ ከጣሪያው ወርዶ አፍና አፍንጫቸውን ክድን አደረገ። ከማስኩ በላይ ዓይናቸው ብቻ ቀረ፤ ዓይናቸውም ማሽኑን፣ ማለትም እሱን፣ ነበር የሚፈልገው። «አብሽሩ፣ ለጤናዎ ነው» አላቸው። ተርጓሚው «አብሽሩ»ን ምን ብሎ እንዳሻገረው አያውቅም።

እንዲህ እንዲህ እያለ፣ አሮጊቷ ሲተነፍሱ ማስኩ ሲወርድ፣ ሳምንት ሳይሞላ ትንፋሹ ቆመ። ሲጠየቁ በቃል «አዎ» ማለት ጀመሩ። ቀጥሎ አንገታቸውን ብቻ ይነቀንቁ ጀመር።

ትርሲት ባለማመልከቷ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ለአንዋር ግን ጋሽ ይመር ከአዳራሹ ጫፍ እየጮሁ የምስራች ይዘውለት መጡ።

«አንተ አንዋር! ንቁ ተማሪ ተብለሃል። ማጣሪያ ተፈቅዶልሃል፤ ከዛሬ ጀምሮ እንደ ሰው ታወራለህ!»

ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ትርሲትም አጨበጨበች። አንዋር ለመጀመሪያ ጊዜ ከእሷ እኩል የሆነ መሰለው። ክፍሉ ገብቶ ድምፁን ሲሞክረው በስዊድንኛ ተለውጦ የሚሄደው አንዋር ሳል የለውም፤ ወንበሩ ሲጢጥ አይልም። መልከ መልካም ሰው ይመስላል።

«አሉልኝ እማማ ሊኔያ?»

አሮጊቷ ማሽኑን ትክ ብለው አዩት። «አዲስ ነህ?» አሉት።

እርጅና ነው አለ በሆዱ። በማግስቱም «አዲስ ነህ?» ሲሉት እርጅና ነው አለ።

የምርጫው ቀን ደረሰ። ትርሲት የጠዋቱን ፈረቃ ጨርሳ ወደ ቤቷ አልሄደችም፤ ግቢው ውስጥ ውሃው ታንከር ሥር ጠበቀችው። የምትቆጣ መስሎት ተዘጋጅቶ ነው የቀረባት። የእሷ ድምፅ ግን ዝግ ያለ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። በአላህ እውነቱን ንገረኝ። እማማ ሊኔያ ትንፋሽ አጥሯቸዋል?»

«አንቺ ታውቂያለሽ አይደል? ያስተማርሻቸው አንቺ ነሽ።»

«ምኑን?»

«ይሄንን ነዋ» አለና አየር ሳበ። «እንደኛ መመለሱን። አስለምደሻቸው እኔ ላይ ሊያሾፉብኝ…»

ትርሲት ግራ ገብቷት አየችው። ከዚያ ቀስ በቀስ ፊቷ ተለወጠ።

«እኔ? አንዋር፣ በኔ መስመር እኮ ትንፋሽ አያልፍም። ማጣሪያው ይበላዋል። እኔ ስስቅ እንኳ አይሰማቸውም፤ 'አንቺ ልጅ ስቀሽ አታውቂም ወይ' ነው የሚሉኝ።»

«ታዲያ ከየት አመጡት?»

«ከየት ያመጡታል፤ የአገራቸው ነው። ሰሜን ነው የተወለዱት፣ ሩቅ። እዚያ ሰው ሁሉ 'አዎ' የሚለው እንዲህ ነው አሉኝ። ወደ ደቡብ ሲወርዱ ሰው ሳቀባቸውና ተዉት። እናታቸው ከሞቱ በኋላ እንዲያ ብሎ የመለሰላቸው ሰው አልነበረም።» ትርሲት ጣቶቿን አፍታታች። «'የከሰዓቱ ልጅ ግን እንደ እናቴ ነው የሚተነፍሰው' አሉኝ። የሚመርጡትም ማንን እንደሆነ ነግረውኛል። ሹሩባውን ለምን የሠራሁት ይመስልሃል? ቀንቼ ነው! ጠዋቱን ሙሉ ዓይናቸው ሰዓት ላይ ነው፤ አንተን ሲጠብቁ።»

 ለአንዋር ያ ገና ያልበራው ጥቁር ስክሪን መጣበት። «አሉልኝ?» ብሎ ነበር፤ «አለሁልህ» ተብሎ ነበር። መስመሩ ምስል ባይኖረውም ድምፅ ነበረው። ሰው የገዛ ትንፋሹን አይሰማም፤ በቀን ስንት ጊዜ ወደ እሳቸው እንደተነፈሰ እሱ በምን ያውቃል? የቀናው በራሱ ነበር። ያሳፈነውም የራሱን ትንፋሽ ነው።

ወደ ጋሽ ይመር ሮጠ።

«ጋሽ ይመር፣ ማጣሪያውን ያንሱልኝ።»

«ምን አልክ?»

«ለዛሬ ብቻ። የድሮው ድምፄ ይመለስልኝ።»

«ልጄ፣ አሞሃል? ሰው ዓመት ሙሉ የሚለምነውን!» ጋሽ ይመር ሻያቸውን ማማሰል አቆሙ። የልጁን ፊት ሲያዩ ቀልዱን ተዉት። «የሚነሳው ከዚያ ነው እንጂ ከዚህ አይደለም። ማመልከት ትችላለህ። መልሱ ግን ዛሬ አይደርስም። ሰዓትህ ደርሷል፤ ግባ።»

ገባ። ጓንቱ ቀዝቅዟል፤ ትርሲት ግቢው ውስጥ ስትጠብቀው ቆይታለች።

ስክሪኑ እስኪበራ ጠበቀ። እማማ ሊኔያ መስኮቱ ሥር ነበሩ። ሹሩባቸው ተፈትቷል። ማስኩ ከበላያቸው ተሰቅሏል። ፊት ለፊታቸው ጠረጴዛ ላይ ሁለት መብራት በርቷል፤ ቢጫው ለጠዋት፣ ሰማያዊው ለከሰዓት። ጣት ማሳረፍ ብቻ ነው የቀራቸው።

«እማማ ሊኔያ፣ መጣሁ። አሉልኝ?»

የተተኮሰው ድምፅ ሄደ። አሮጊቷ ጣታቸውን ከመብራቶቹ በላይ እንደያዙ ቀና አሉ።

«የከሰዓቱ ልጅ የት ሄደ?»

«እኔ ነኝ እማማ። እኔው ነኝ።»

«አንተማ ጥሩ ነው የምትናገረው።»

«ድምፄን አጥርተውት ነው። ትንፋሽ አያሳልፍም። እኔው ነኝ፣ ያው የድሮው ልጅ፣ ሾርባ የማሞቅልዎ።»

እማማ ሊኔያ አሰቡ። «ለምን አጠሩት?»

አንዋር አፉን ከፈተ። ለምን እንደተሸለመ ለመናገር ቃል አልቸገረውም፤ ቃሉ ሁሉ አለ፤ ተርጓሚውም አንዱን ሳያጎድል ያሻግርለት ነበር። ምላሱ ግን ታሰረ። አሮጊቷ ጠበቁት። ጠበቁትና ዓይናቸውን ቀስ ብለው ወደ ማስኩ አነሡ፤ ከማስኩ ወደ ማሽኑ መለሱ።

ከዚያ፣ የሚመጣውን እያወቁ፣ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ።

ማስኩ መውረድ ጀመረ። አንዋር ተነፈሰ። በደረቱ ሙሉ አየር ሳበ፤ ደግሞ ሳበ፤ ደግሞ። እማማ ሊኔያ ከጎረቤት ጥሪ እንደሚጠብቅ ሰው አንገታቸውን አዘንብለው ያዳምጣሉ። ምንም አይደርሳቸውም።

«አንዋር፣ ምን ሆንክ? አመመህ እንዴ?» አለው ከግድግዳው ወዲያ ያለው ተማሪ።

ማስኩ አፋቸው ጋ ሲደርስ አሮጊቷ በእጃቸው ጀርባ ገፉት። ባለ ጎማ ምርኩዛቸውን ሳቡና ተነሡ። በሁለቱ መብራቶች አጠገብ አለፉ፤ አንዱንም አልነኩም። አንዋር የማሽኑን እጅ ዘርግቶ ተከተላቸው፤ ሐዲዱ ጮኸ፤ በሩ ጋ ሲደርስ አለቀ። እጁ ከደፉ ወዲህ አየር ላይ ቀረ።

እማማ ሊኔያ በሩን ከፍተው፣ ወደ ኋላ ሳያዩ፣ ምንም ሳይሉ ወጡ።